ቃል የተገባው ሥራ በየትኛው መዝገብ ይቆጠራል?

በምርጫ ቅስቀሳ ወቅት ከሚሰጡ ቃሎች መካከል የሥራ ዕድልን ያህል ለመናገር የሚቀል፣ ለመመርመር ግን የሚከብድ ጥቂት ነው። ድልድይ አሠራለሁ ያለ ዕጩ የሥልጣን ዘመኑ ሲያበቃ ወንዙ ዳር ተወስዶ ሊጠየቅ ይችላል፤ ድልድዩ አለ ወይም የለም። ሥራ ግን እንደ ድልድይ በአንድ ስፍራ ቆሞ አይታይም። በአንዱ መንደር ሲከፈት በሌላው ይዘጋል፤ ዛሬ የተቀጠረ ነገ ይለቃል፤ ዓመቱን ሙሉ የሠራና ሦስት ሳምንት ብቻ የሠራ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ እኩል ሊሰፍሩ ይችላሉ። ስለዚህ የሥራ ዕድል መጠን የሚታወቀው በቆጠራ ብቻ ነው። ቆጣሪው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚቆጥርና ከየት ተነሥቶ እንደሚቆጥር አስቀድሞ ካልተነገረ፣ ስለ ሥራ የተገባ ቃል ከቶ ውሸት ሊሆን አይችልም፤ እውነትም ሊሆን አይችልም።

ለእንዲህ ያለው ቃል የአገራችን ሰው «የተስፋ ዳቦ» የሚል ስም አለው። ስሙ ጥርጣሬን ይገልጻል እንጂ ጥርጣሬውን ወደ ጥያቄ አይለውጥም። የተመራማሪ ጥርጣሬ ከመንገደኛው ጥርጣሬ ሊለይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፖለቲከኞች ቃላቸውን አይጠብቁም ማለት ምርምር አይጠይቅም፤ ምርምር የሚጠይቀው አንድ ቃል መጠበቁ ወይም መታጠፉ በምን ይታወቃል የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ከአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት የተሻለ መማሪያ ማግኘት ያዳግታል፤ ምክንያቱም በዚያ የተገባው ቃል አኃዝም፣ ቀነ ገደብም ነበረው፤ ጉድለቱም እዚያው ላይ ጎልቶ ወጥቷል።

የ250 ሺሕ ቃል

እ.ኤ.አ. በ2010 ዊስኮንሲን ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ቀውስ ገና አላገገመችም ነበር፤ ቀውሱ በግዛቲቱ ከ100 ሺሕ በላይ ሥራዎችን አጥፍቷል። ለአገረ ገዥነት የተወዳደሩት የሪፐብሊካን ፓርቲው ስኮት ዎከር በመጀመሪያው የአራት ዓመት ዘመነ ሥልጣናቸው በግሉ ዘርፍ 250 ሺሕ የሥራ ዕድል እንደሚፈጠር ቃል ገብተው ምርጫውን አሸነፉ። ከተለመደው የቅስቀሳ ንግግር ጋር ሲነጻጸር ይህ ቃል ጥራት ነበረው። ዘርፉ ተለይቷል፤ መጠኑ ተነግሯል፤ የጊዜ ገደቡ ታውቋል። ያልተነገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቆጠራው በየትኛው መዝገብ እንደሚካሄድ።

በአሜሪካ የአንድን ግዛት የሥራ መጠን የሚያሳዩ ሁለት ዋና መዝገቦች አሉ። አንደኛው ከአሠሪዎች ናሙና በየወሩ የሚሰበሰብ ጥናት ነው፤ ቶሎ ይወጣል፤ በኋላ ግን በተደጋጋሚ ይታረማል። ሁለተኛው አሠሪዎች ለሥራ አጥ መድን በየሩብ ዓመቱ ከሚያቀርቡት ሪፖርት የሚጠናቀር ቆጠራ ነው፤ ከአገሪቱ ሥራዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሸፍን ሲሆን ለሕዝብ የሚደርሰው ከወራት በኋላ ነው። ፈጣኑ መዝገብ ግምት ነው፤ አስተማማኙ መዝገብ ዘግይቶ ይመጣል። ፖለቲካ ደግሞ በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ይመላለሳል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 ወርኃዊው ጥናት በዊስኮንሲን 9,500፣ በመላ አገሪቱ ደግሞ 18 ሺሕ የሥራ ጭማሪ እንደታየ አመለከተ። አገረ ገዥው ከአገሪቱ አዲስ ሥራ ከግማሽ በላይ የተፈጠረው በግዛታቸው መሆኑን ተናገሩ። አኃዞቹ በወቅቱ ከታተመው ሠንጠረዥ የተወሰዱ ነበሩ፤ ስሌቱ ግን ትርጉም አልነበረውም። 18 ሺሕ የሚለው ቁጥር የሃምሳ ግዛቶች ጭማሪና ቅናሽ ተጣጥቶ የቀረ ልዩነት ነው። ጥቂት ግዛቶች ብዙ ሥራ አግኝተው ሌሎች ብዙ ሥራ ሲያጡ የሚቀረው ልዩነት ትንሽ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የበርካታ ግዛቶች ጭማሪ እያንዳንዱ ብቻውን ከአገሪቱ ጠቅላላ ሊበልጥ ይችላል። በዚያው ወር ከዊስኮንሲን የበለጠ ጭማሪ ያስመዘገቡ ግዛቶች ነበሩ። የተጣራ ልዩነትን እንደ ጠቅላላ ድምር አድርጎ ማካፈል የአንደኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ የሚታረምበት ስሕተት ነው፤ በአደባባይ ሲነገር ግን የድል ዜና ሆኖ አለፈ።

ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ዎከር በ2011 የመንግሥት ሠራተኞችን የጋራ ድርድር መብት የሚገድብ ሕግ በማጽደቃቸው ታላቅ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ ፊርማ ተሰብስቦም እ.ኤ.አ. ለሰኔ 5 ቀን 2012 ከሥልጣን ሊያነሣቸው የሚችል ምርጫ ተጠራ። በዚያ ወቅት ወርኃዊው ጥናት ግዛቲቱ በ2011 ዓመት 33,900 ሥራ እንዳጣች ያሳይ ነበር። ምርጫው ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው የአገረ ገዥው አስተዳደር የሩብ ዓመቱን ቆጠራ ውጤት የፌዴራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከሚያወጣበት ቀን አስቀድሞ ይፋ አደረገ፤ በዚህኛው መዝገብ ግዛቲቱ 23,321 ሥራ አግኝታለች። በአንድ ግዛትና በአንድ ዓመት ሁለቱ መዝገቦች በ57 ሺሕ ያህል ተለያዩ፤ አንዱ ውድቀት፣ ሌላው ዕድገት አሳየ።

እዚህ ላይ ፍርዱ በጥንቃቄ መሰጠት አለበት። በዘዴ ረገድ የአስተዳደሩ ክርክር ትክክል ነበር፤ ላለፈ ዓመት የሩብ ዓመቱ ቆጠራ ከናሙናው ጥናት ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ስሕተቱ በመዝገቡ ጥራት ላይ ሳይሆን በተመረጠበት ጊዜ ላይ ነበር። ወርኃዊው ጥናት ሲያስደስት በእርሱ ተፎከረ፤ ሲያስከፋ ሌላው ተፈለገ። ተቃዋሚዎችም እንዲሁ የሚጠቅማቸውን መዝገብ ይዘው ተሟገቱ። መራጩ ሁለት እውነተኛ ሰነድ በእጁ ይዞ፣ አንዱን ከሌላው የሚለይበት መስፈርት ሳይኖረው ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደ። ዎከር አሸነፉ፤ በአሜሪካ ታሪክ እንዲህ ካለ ምርጫ የተረፉ የመጀመሪያው አገረ ገዥ ሆኑ።

የመጀመሪያው ዘመነ ሥልጣን ሲያበቃ አስተማማኙ መዝገብ ያሳየው የግል ዘርፍ ጭማሪ 130 ሺሕ ገደማ ነበር፤ ከተገባው ቃል ግማሽ ያህሉ። አገረ ገዥው ግን በኅዳር 2014 ዳግም ተመረጡ። ከዚህ ተነሥቶ ሕዝብ ለቃል አይጨነቅም ብሎ መደምደም ይቻል ይሆናል። ከዚያ ይልቅ ሚዛን የሚደፋው ሌላ ድምዳሜ ነው፤ ቃሉ ከመነሻው የአገረ ገዥውን ሥራ የሚመዝን አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት መላ አገሪቱ ከቀውሱ እያገገመች ነበር፤ ማንም ቢመረጥ በዊስኮንሲን የተወሰነ ጭማሪ መታየቱ አይቀርም። 250 ሺሕ ቢሞላ ኖሮ ሙሉው ክብር ለእርሳቸው አይገባም ነበር፤ ባይሞላም ሙሉው ጥፋት የእርሳቸው አይደለም። መነሻው ባልተነገረበት ስፍራ ምስጋናም ወቀሳም መሠረት ያጣል።

መፍጠርና ፈጠራ

በአማርኛ «ፈጠራ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። አዲስ ነገር ማስገኘት ፈጠራ ነው፤ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ማውራትም ፈጠራ ነው። «የሥራ ዕድል ፈጠራ» የሚለው የመንግሥት ቢሮዎች ሐረግ በሁለቱ መካከል ይንገዋለላል፤ ከየትኛው ወገን እንደሚወድቅ የሚወስነውም ከአኃዙ ጋር የተያያዘው ማስረጃ ነው። ዎከር በሁለተኛው ዘመናቸው የተያያዙበት የፎክስኮን ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታይዋኑ ኤሌክትሮኒክስ አምራች ፎክስኮን በዊስኮንሲን 10 ቢሊዮን ዶላር አፍስሶ እስከ 13 ሺሕ ሰው የሚቀጥር ፋብሪካ እንደሚያቆም ይፋ ሆነ። ግዛቲቱ በምላሹ 3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚደርስ የግብር ማበረታቻ አዘጋጀች። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 3 ቢሊዮን ለ13 ሺሕ ሲካፈል በአንድ ሥራ ከ230 ሺሕ ዶላር በላይ ይደርሳል። የግዛቲቱ ምክር ቤት የበጀት ቢሮ ራሱ ወጪው የሚመለሰው ቢፈጥን በ2042 እና 2043 አካባቢ እንደሆነ ገምቶ ነበር። የኢኮኖሚ ተመራማሪው ቲሞቲ ባርቲክም በ2018 ባሳተመው ጥናት፣ ማበረታቻ ያገኙ ድርጅቶችን ውሳኔ ማበረታቻው በእርግጥ የሚለውጠው ከ2 እስከ 25 በመቶ በሚሆኑት ላይ ብቻ እንደሆነ ገምቷል፤ የቀሩት ማበረታቻ ባይሰጣቸውም ያንኑ ያደርጉ ነበር ማለት ነው።

በሰኔ 2018፣ የአገረ ገዥው ምርጫ ወራት ሲቀሩት፣ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በተገኙበት የመሠረት ሥነ ሥርዓት ተካሄደ፤ ፕሬዚዳንቱም ፋብሪካውን የዓለም ስምንተኛው ድንቅ አሉት። በኅዳር ወር ዎከር በቶኒ ኤቨርስ ተሸነፉ። ፎክስኮንም በዚያው ዓመት ማበረታቻ ለማግኘት የሚያስፈልገውን 260 ያህል ሠራተኛ የመቅጠር ዝቅተኛ ግዴታ ሳያሟላ ቀረ። በ2021 ውሉ ሲታደስ 13 ሺሕ የነበረው ወደ 1,454፣ 10 ቢሊዮን የነበረውም ወደ 672 ሚሊዮን ዶላር ወረደ፤ ማበረታቻውም ከ80 ሚሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ እንደ ማላገጫ ይነገራል። ለተመራማሪ ግን ትምህርቱ ሌላ ነው። የግዛቲቱ የግብር ማበረታቻ በእርግጥ ከተቀጠረው ሠራተኛ ቁጥር ጋር በውል ታስሮ ስለነበር፣ ሥራው ሳይገኝ ገንዘቡም አልወጣም። ለመሬት ግዥ፣ ለመንገድና ለውኃ መስመር አስቀድሞ የፈሰሰው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ግን ከምንም ቆጠራ ጋር ስላልታሰረ ቀድሞ ወጥቷል፤ ቤታቸው ለቦታው የተፈለገባቸው ነዋሪዎችም ለቀው ሄደዋል። በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ መዝገብ የነበረው ወጪ ተጠበቀ፤ መዝገብ ያልነበረው ባከነ። የግዛቲቱ የኦዲት ቢሮ በ2017 ባወጣው ሪፖርት ማበረታቻውን የሚያስተዳድረው የልማት ተቋም የተፈጠሩትን ሥራዎች ቁጥር በእርግጠኝነት ሊያውቅ እንደማይችል ማመልከቱም ከዚሁ ጋር መታየት አለበት። በአደባባይ የሚነገረው አኃዝ የተጠናቀረው በእርግጠኝነት ሊቆጥር በማይችል ተቋም ነበር።

ጉዳዩ እዚህም የእኛ ነው

የዊስኮንሲን ታሪክ በኢትዮጵያ ሊነበብ የሚገባው ሁለቱ አገሮች ስለሚመሳሰሉ አይደለም። በዚያ ሁለት መዝገቦች ተጋጭተው መራጩን ግራ አጋቡ፤ እዚህ ግን ብዙውን ጊዜ በአደባባይ የሚሰማው አንድ መዝገብ ብቻ ነው፤ የአስፈጻሚው አካል ሪፖርት። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ዋዜማ ሥራ አጥነት የተወዳዳሪ ፓርቲዎች ሁሉ ርእስ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎም መንግሥት በ2012 በጀት ዓመት 3 ሚሊዮን፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ደግሞ 14 ሚሊዮን የሥራ ዕድል የመፍጠር ዕቅድ ይዞ ነበር። ዕቅድ የምርጫ ቃል አይደለም፤ ሆኖም ዕቅዱም ቅስቀሳውም የሚናገሩት በአንድ ቋንቋ ነው፤ ጥቅል አኃዝ።

በአገሪቱ በየዓመቱ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ወጣት ወደ ሥራ ገበያው እንደሚገባ በተደጋጋሚ ይነገራል። በአንድ ዓመት የተፈጠረው 3 ሚሊዮን ሥራ የተጣራ ቢሆን፣ ከአዲስ ገቢዎቹ አልፎ አንድ ሚሊዮን ነባር ሥራ አጥ ሥራ ያገኛል ማለት ነው። ይህ በተከታታይ ጥቂት ዓመታት ቢደጋገም በከተሞቻችን ሥራ ፈላጊ ማግኘት ባስቸገረ ነበር። እንዲህ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሳያስበው አንድ ድምዳሜ ላይ ደርሷል፤ ሪፖርቱ የሚቆጥረው የተከፈተውን እንጂ የተዘጋውን አይደለም። የቤተሰብ ዳሰሳ ጥናቶችም ብቻቸውን አይበቁም። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው የሠራተኛ ኃይልና የፍልሰት ጥናት አገራዊውን የሥራ አጥነት ምጣኔ 8 በመቶ አድርጎታል፤ በዓለም አቀፉ መለኪያ ግን በሳምንቱ አንድ ሰዓት ለገቢ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ስለዚህ ዝቅተኛ ምጣኔ ደኅና ኑሮን አያመለክትም።

ሥራው ምን ያህል ይቆያል የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ ወደ አንድ ሺሕ ከሚጠጉ አመልካቾች መካከል የፋብሪካ ሥራ የሚያገኙት በዕጣ ተለዩ። ሥራውን ካገኙት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ ከሦስት አራተኛ በላይ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ለቀቁ። በአንድ የስፌት መኪና ላይ በዓመት ውስጥ አራት ወጣቶች ቢፈራረቁ የተፈጠረው ሥራ አንድ ነው ወይስ አራት? በመኪናው ቁጥር ከተቆጠረ አንድ፣ በቅጥር ደብዳቤ ከተቆጠረ አራት ይሆናል። ሁለቱም ሰነድ አላቸው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ 60 ሺሕ የሥራ ዕድል እንደሚፈጥር ተነግሮለት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አገሪቱ ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስትታገድ ግን ሥራዎቹ በሌላ አገር ውሳኔ ላይ ምን ያህል የተንጠለጠሉ እንደነበሩ ታየ። ጥቅሉ አኃዝ ይህን ተጋላጭነት አያሳይም።

ለዚህ ሁሉ የአስፈጻሚዎችን ሐሰተኝነት መገመት አያስፈልግም። የብሪታንያው ኢኮኖሚስት ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ያነሡት ሐሳብ በቂ ማብራሪያ ነው፤ መለኪያ ወደ ግብነት ሲለወጥ መለኪያነቱ ይዳከማል። ግቡ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ በኮታ ይከፋፈላል፤ ኮታውን ያሟላ ይመሰገናል፤ ማሟላቱን የሚዘግበውም ራሱ ነው። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ጊዜያዊው እንደ ቋሚ፣ ነባሩም እንደ አዲስ እንዳይቆጠር የሚከለክለው የዘጋቢው ኅሊና ብቻ ይሆናል።

አኃዝ ይቅር ማለት አይደለም

ለዚህ ሐሳብ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ አኃዝ የሚናገር ፖለቲከኛ ምንም ከማይናገረው ይሻላል የሚለው ነው። እውነት ነው። ዎከር 250 ሺሕ ባይሉ ኖሮ የግዛቲቱ ጋዜጦች በየወሩ የሚያመሳክሩት ባልነበራቸው። ጥርጣሬው አኃዝ በሚጠሩት ላይ ብቻ ከበረታ ብልኆቹ ዕጩዎች «ሰፊ የሥራ ዕድል» ብለው ያልፋሉ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው። ሁለተኛው፣ ጥርጣሬ ተስፋ መቁረጥን ያመጣል፤ «ሁሉም አንድ ናቸው» የሚል መራጭ ከምርጫ ይርቃል የሚለው ነው። ይህም እውነትነት አለው። ነገር ግን ተስፋ የሚያስቆርጠው ጥያቄ አይደለም፤ መልስ የማያስፈልገው ጥርጣሬ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ዝም ያለ ሰው ላሟንም ወተቷንም ትቷል፤ ላሟ የት እንዳለች የሚጠይቅ ግን ገና ተስፋ አለው።

ስለዚህ የሥራ ዕድል ቃል ሲገባ፣ ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት አራት ጥያቄዎች መልስ ሊያገኙ ይገባል። አኃዙ ጥቅል ነው ወይስ የጠፉት ሥራዎች ተቀንሰው የተጣራ? አንድ ሥራ ለመቆጠር ቢያንስ ስንት ወር ሊቆይና ስንት ሊከፍል ይገባል? ዕጩው ባይመረጥ ኖሮ ይገኝ የነበረው ጭማሪ ምን ያህል ነው? ቆጠራውስ ሥራውን ከሚፈጥረው ወይም ፈጠርኩ ከሚለው አካል ውጭ በማን ይካሄዳል? አራተኛው ከሁሉ ይቀድማል፤ ያለ እርሱ የሦስቱ መልስ ሌላ ቃል ብቻ ይሆናልና።

እነዚህን ጥያቄዎች በዝርዝር ማዘጋጀት የዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ ነው። የኢኮኖሚክስ፣ የስታቲስቲክስና የሕዝብ አስተዳደር ክፍሎች ከምርጫው በኋላ ውጤቱን ለመተንተን ከሚጽፉት የመመረቂያ ጥናት ጥቂቱን ከምርጫው በፊት መስፈርቱን ለመወሰን ቢያውሉት ዋጋው ይበልጣል። በአንድ ወረዳ በሥራ ዕድል መዝገብ የሰፈሩ ሰዎችን ከስድስት ወር በኋላ ሄዶ ማግኘትና አሁንም በሥራ ላይ ናችሁ ወይ ብሎ መጠየቅ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ የማይቻል ሥራ አይደለም። እንዲያውም ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ ስማቸውን በዚያው መዝገብ ሊያገኙት ይችላሉ። ለሦስት ወር መረጃ ሰብሳቢ ሆኖ የተቀጠረ ተመራቂ ውሉ ሲያበቃ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ይመለሳል፤ በሪፖርቱ ውስጥ ግን ሥራ እንዳገኘ ይኖራል።